ጉበተ ረጅም ሰው፦ የአካል ክፍሎች ስም በዌልሽና በህሞንግ

ጓደኛችሁ «ሆድ ብሶኛል» ቢላችሁ የሆድ ሕመም ክኒን ፍለጋ አትሮጡም። ስለ ስሜቱ እያወራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አማርኛ የማይችል ሐኪም ፊት ግን አስተርጓሚው ቃል በቃል ቢተረጉመው፣ ሰገራ ምርመራ ሊታዘዝለት ይችላል! የአካል ክፍሎች ስም እንዲህ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ተሸክሟል። እስቲ ዝምድና የሌላቸውን ሁለት ቋንቋዎች እንይ።

ዌልሽ በዌልስ የሚነገር የኬልት ቋንቋ ነው። የአካል ስም ከሌላ ቋንቋ የምንዋሰው አይመስለንም አይደል? ሮማውያን ከ43 እስከ 410 ገደማ (እ.ኤ.አ.) ብሪታንያን ሲገዙ ግን ከላቲን «ብራኪዩም» ክንድ፣ «ብራይኽ» ሆኖ ገባ። ላቲኑ «ኮክሳ» ዳሌ ነበር፤ ዌልሽ ውስጥ ግን «ኮይስ» ተብሎ እግር ሆነ። ቃሉ ቋንቋ ሲቀይር በአካል ላይም ወደ ታች ወረደ ማለት ነው።

ሰዋስውስ? ራስ «ፔን» ነው። የእሱ ራስ «ኢ ቤን»፣ የእሷ ራስ ደግሞ «ኢ ፌን» ይባላል። እኛ «ራሱ»፣ «ራሷ» ብለን በቃሉ መጨረሻ የምንለየውን እነሱ በመጀመሪያው ድምፅ ይለዩታል።

ህሞንግ የሚነገረው በደቡብ ቻይና፣ በቬትናም፣ በላኦስና በታይላንድ ነው፤ ከ1975 (እ.ኤ.አ.) በኋላ በስደት አሜሪካም ገብቷል። እኛ «ሁለት ራስ ሽንኩርት» እንደምንለው፣ በህሞንግ ስትቆጥሩ በቁጥሩና በስሙ መሃል መቁጠሪያ ቃል ይገባል። «ኦ ትሳይ ቴ» ሁለት እጅ ነው፤ «ትሳይ» ከጥንድ አካል አንዱን ትቆጥራለች። ለኢንጂነር ዩኒት እንደማለት ናት። ዓይን «ቆ ሙዋ»፣ አፍ «ቆ ንጃው» ሲባሉ፣ «ቆ» የምትለዋ ቀዳዳ ማለት ናት።

የስሜት ማደሪያው ደግሞ ጉበት፣ «ሺያ» ነው። ታጋሽ ሰው «ሺያ ንዴ»፣ ጉበተ ረጅም ነው፤ የእኛው ሆደ ሰፊ መሆኑ ነው። ግልፍተኛው «ሺያ ሉ»፣ ጉበተ አጭር። የተጨነቀ ወይም ድብርት የያዘው ሰው «ኙዋ ሺያ» ይላል፤ ቃል በቃል «ጉበት ከበደው» እንደማለት።

አሁን አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ያለችን አንዲት የህሞንግ እናት አስቡ። አስተርጓሚው «ጉበቷ ነው» ካለ የጉበት ምርመራ ይታዘዝላታል፤ «ተጨንቃለች» ካለ ግን የሚያስፈልጋትን እርዳታ ታገኛለች። እናንተም ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ ስታስተረጉሙ፣ የአካል ስም በሰማችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የሚያማት እዚያ ቦታ ነው ወይስ ስሜቷን እየነገረችኝ ነው?