የሚበላ መያዣ፦ የፈረስ ቀለብ ውዝፍ እንዴት ይሰበሰባል?

እጁ ላይ መያዣ ያለው ባለገንዘብ ብዙም አይጨነቅም። ወርቅ ከሆነ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፤ ቡና ከሆነ መጋዘን ይገባል፤ መኪና ከሆነ ጎማው እየተነፈሰ ግቢ ውስጥ ይቆማል። መያዣው ፈረስ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባለዕዳው በዘገየ ቁጥር ከኪሱ የሚያወጣው ባለገንዘቡ ነው።

በእንግሊዝና በአሜሪካ የግጦሽ መሬት የሌላቸው የከተማ ሰዎች ፈረሳቸውን በወር ሒሳብ ሰው ጋጣ ያሳድራሉ። ባለጋጣው ማደሪያ፣ መኖ፣ ጉዝጓዝና ጽዳት ያቀርባል። ገቢው በወር አንዴ ነው፤ ወጪው ግን የዕለት ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 10 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይፈጃል። ባለቤቱ ሥራ ሲያጣ ወይም ትዳሩ ሲፈርስ ይህ ሒሳብ ቢዘገይ አይገርምም። አንድ ወር ይዘላል፣ ሁለተኛው ይደረባል፣ ከዚያ ስልክ አይነሳም። ፈረሱ ግን አለ።

የመብራት ሒሳብ ያልከፈለ ይቆረጥበታል፤ ኪራይ ያልከፈለ ቤት ልቀቅ ይባላል። ባለጋጣው ግን አገልግሎቱን ማቋረጥ አይችልም። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ2006 የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እንስሳን ለጊዜው የተረከበውንም ሰው ኃላፊ ያደርገዋል (እዚህና ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቱ አልከፈለም ብሎ መኖ የቀነሰ ሰው ፍርድ ቤት የሚቆመው በከሳሽነት ሳይሆን በተከሳሽነት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ገንዘቤን እስካገኝ ፈረሱን አልለቅም ማለት ይችላል? የእንግሊዝ ዳኞች ለዚህ የሰጡት መልስ ነጋዴን ግራ ያጋባል። በ1828 አሠልጣኝ በሙያውና በጉልበቱ ለፈረሱ ዋጋ ስለሚጨምር እስኪከፈለው ይዞ የማቆየት መብት እንዳለው ተወሰነ። በ1839 ግን ከብት ለግጦሽ የተቀበለ ሰው ይህ መብት እንደሌለው ተፈረደ፤ ቀለበ እንጂ አላሻሻለምና። ሳይቀለብ የከረመ እንስሳ ምን ዋጋ እንደሚኖረው ዳኞቹን የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስልም። በ1849 ደግሞ አንድ የእሽቅድምድም ፈረሶች አሠልጣኝ ጭምር ተረታ። ምክንያቱም ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ፈረሱን ወስዶ ማወዳደር ይችል ስለነበር፣ አሠልጣኙ ፈረሱን በእጁ አጽንቶ ይዟል ሊባል አልቻለም።

ከዚህ የተነሣ ጠንቃቃ ባለጋጣ መብቱን ከሕግ አይጠብቅም፤ በጽሑፍ ውል ውስጥ ያስገባዋል። ውሉ ወርኃዊውን ዋጋ፣ የመክፈያውን ቀን፣ የሰኮናና የሕክምና ወጪ በማን እንደሆነ፣ ካልተከፈለም ፈረሱ እንደማይወጣና በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚሸጥ ይናገራል። የሐኪሙ ጉዳይ በተለይ መረሳት የለበትም። አንድ የሆድ ቁርጠት ሕክምና የወራት ቀለብ ሊበላ ይችላል።

ሽያጩም ቢሆን በአንድ ጀምበር አይደረስበትም። የእንግሊዝ የ1977 ሕግ ባለቤቱ ያልወሰደው ንብረት እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ በንብረቱ ላይ ዕዳ ካለ ግን የማስጠንቀቂያው ጊዜ ከ3 ወር ያነሰ ሊሆን አይችልም። የአሜሪካዋ ቴክሳስ ከእንግሊዝ ዳኞች በተለየ መንገድ ሄዳለች። ሕጓ ለባለጋጣ በግልጽ የመያዣ መብት ይሰጠዋል። ሒሳቡ ከተጠራቀመ በኋላ ፈረሱን 60 ቀን ያቆያል፣ ክፍያ ጠይቆ 10 ቀን ይጠብቃል፣ የ20 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ በይፋ ይሸጣል፤ ከዕዳው የተረፈው ለባለቤቱ ነው።

አንባቢ ይደምር። በሁለቱም አገር ወደ 90 ቀን ይመጣል። በቀን 10 ኪሎ ሲታሰብ 9 ኩንታል ድርቆሽ መሆኑ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚያወጣው ደግሞ ቀድሞውኑ ያልተከፈለው ሰው ነው።

በሽያጩ ቀን የሚገኘው ዋጋም ሌላ ራስ ምታት ነው። በአሜሪካ የመጨረሻዎቹ የፈረስ ቄራዎች በ2007 ተዘጉ። የአገሪቱ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ መዘጋቱ የዝቅተኛና የመካከለኛ ዋጋ ፈረሶችን ገበያ ከ8 እስከ 21 በመቶ እንደቀነሰው ገምቷል። ቄራ የማይፈልገው፣ ጋላቢ የማይገዛው ሽማግሌ ፈረስ በጨረታ የሚያወጣው ገንዘብ የሦስት ወር ቀለቡን ላይሸፍን ይችላል። ስለሆነም በዚያ አገር ብዙ ክርክር የሚያልቀው በስምምነት ነው፤ ባለቤቱ ፈረሱን በፊርማ ያስተላልፋል፣ ባለጋጣው ዕዳውን ይሰርዛል። ለባለጋጣው ይህ ድል አይደለም። ቢሆንም ቢያንስ ሻጭ ሆኖ ወደ ገበያ የሚወጣበትን ቀን ራሱ ይመርጣል።

በእኔ ግምት ገንዘቡ የሚድነው ከጨረታው ሳይሆን ፈረሱ ጋጣ በገባበት ቀን ነው። የሦስት ወር ተቀማጭ የሚጠይቅ ባለጋጣ ደንበኛ ሊያጣ ይችላል። የአንድ ወር ቅድሚያ ክፍያ ከአንድ ወር ተቀማጭ ጋር ግን ከባድ አይደለም። ማስጠንቀቂያው ደግሞ ክፍያው ባለፈ ማግስት ይጻፍ። በይሉኝታ የተላለፈች እያንዳንዷ ሳምንት 70 ኪሎ ድርቆሽ ናት።

በእኛ አገር በወር ሒሳብ የሚያድሩ የግልቢያ ፈረሶች ጥቂት ናቸው። ጥያቄው ግን በሬ ለማድለብ የተረከበውንም፣ መኪና ጠግኖ ባለቤቱ የጠፋበትንም ይነካል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መያዣ በደነገገበት ክፍል፣ በቁጥር 2851፣ ሥርዓቱ ሳይጠበቅ «ካልከፈልክ ንብረቱ የኔ ነው» የሚል ውል ዋጋ እንደሌለው ደንግጎ ነበር። በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚገኝ የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ እንስሳትም ለብድር ዋስትና እንዲውሉና በመዝገብ እንዲገቡ በር ከፍቷል። ይህ ለባለጋጣውም ለአድላቢውም ሁለት ገጽታ አለው፤ የተረከበው እንስሳ አስቀድሞ ለባንክ የተያዘ ሊሆን ይችላልና መዝገቡን መጠየቅ ይኖርበታል።

ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት በቅድሚያ ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ አለበት። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 284 ለታወቀ የገንዘብ ዕዳ አጭር የክስ መንገድ ዘርግቷል፤ በዚህ መንገድ ተከሳሹ ካልተፈቀደለት መከላከያ ማቅረብ አይችልም። ወርኃዊ ዋጋው በፊርማ የሰፈረበት ውል ያለው ሰው በዚህ መንገድ ሊሄድ ይችላል። በቃል ብቻ የተስማማው ግን መጀመሪያ የሚከራከረው ዋጋው ስንት እንደነበር ነው፤ እስከዚያው እንስሳው ይበላል።