የባኽ የቼሎ ስዊቶችና ፓብሎ ካዛልስ

ቼሎ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚጫወቱት፣ ከቫዮሊን ቤተሰብ የሆነ ባለ አራት አውታር መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል ይይዘዋል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዋና ሥራው ሌሎችን በወፍራም ድምፁ ማጀብ ነበር። ጀርመናዊው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ስድስቱን ስዊቶች (ባለ ብዙ ክፍል የሙዚቃ ድርሰቶች) ለአንድ ቼሎ ብቻ፣ ያለ ምንም አጃቢ የጻፈው በዚያው ዘመን ነው።

ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1720 አካባቢ፣ ባኽ በጀርመን በኮተን ልዑል ቤት የሙዚቃ ኃላፊ ሳለ እንደተጻፉ ይታመናል። በእጁ የጻፈው ኖታ ጠፍቷል፤ ለዛሬ የደረሱት በግልባጭ ነው፤ ከእነዚህ ዋነኛውን የገለበጠችው ሚስቱ አና ማግዳሌና ናት። ግልባጩ ፍጥነቱንም ሆነ የድምፁን መጠን እምብዛም አይናገርም። ስለዚህ ብዙው ነገር ለተጫዋቹ ፍርድ የተተወ ነው፤ ሁለት ቼሊስቶች አንዱን ስዊት ፈጽሞ በተለያየ መልክ የሚያሰሙትም በዚህ ምክንያት ነው።

እያንዳንዱ ስዊት ፕሪሉድ በሚባል መግቢያ ይከፈታል፤ ከዚያ በዘመኑ የጭፈራ ስልቶች የተሠሩ አምስት ክፍሎች ይከተላሉ። አምስተኛው ስዊት የቀጭኑ አውታር ቅኝት ዝቅ እንዲል ይጠይቃል። ስድስተኛው የተጻፈው ለባለ አምስት አውታር መሣሪያ ስለሆነ በዛሬው ቼሎ ሲጫወቱት እጅግ ይከብዳል።

ከሁሉ የሚደንቀው የአጻጻፉ ጥበብ ነው። ቼሎ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ባኽ ዜማውን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፣ ከቀጭኑ መልሶ ወደ ወፍራሙ ያዘልለዋል። የአድማጩ ጆሮ ያለፈውን ወፍራም ድምፅ ይዞ ስለሚቆይ፣ ያልተጫወቱትን እየሞላ ሁለትና ሦስት ሰዎች አብረው የሚጫወቱ ያህል ይሰማዋል።

ይህ ሁሉ ሀብት እያለ በ19ኛው መቶ ዘመን ስዊቶቹ በአብዛኛው የጣት ማፍታቻ ልምምድ ተደርገው ይታዩ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን እንኳ የፒያኖ አጃቢ ጽፎላቸዋል። ነገሩን የለወጠው ካታሎናዊው ቼሊስት ፓብሎ ካዛልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890፣ በ13 ዓመቱ፣ ከአባቱ ጋር በባርሴሎና ኖታ ሲፈልግ የስዊቶቹን መጽሐፍ ከአንድ ሱቅ አገኘ። አንዱን ስዊት በአደባባይ ከመጫወቱ በፊት 12 ዓመት ያህል አጠናቸው። ስድስቱንም በሸክላ ለመቅረጽ የመጀመሪያው እርሱ ሲሆን፣ ቀረጻው እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 ተካሄደ።

እነዚያ ዓመታት የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ዓመታት ነበሩ። የሪፐብሊኩ ደጋፊ የነበረው ካዛልስ ሪፐብሊኩን የወጋው ጄኔራል ፍራንኮ ሲያሸንፍ በስደት በደቡብ ፈረንሳይ ፕራድ ከተማ ተቀመጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም መንግሥታት ፍራንኮን መታገሣቸውን በመቃወም የኮንሰርት መድረክን ተወ። እ.ኤ.አ. በ1950፣ ባኽ በሞተ በ200ኛው ዓመት፣ ታላላቅ ሙዚቀኞች አብረውት ሊጫወቱ እርሱ ወዳለበት ወደ ፕራድ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በ96 ዓመቱ ሲያርፍ ፍራንኮ ገና በሥልጣን ላይ ነበር።

በካዛልስ መንገድ ብዙዎች ሄደዋል። ሩሲያዊው ቼሊስት ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 ከበርሊን ግንብ ሥር ተቀምጦ ባኽን ተጫውቷል። አሜሪካዊው ቼሊስት ዮ-ዮ ማ ስድስቱን ስዊቶች ሦስት ጊዜ ቀርጿቸዋል።

ለቼሎ ሙዚቃ አዲስ የሆነ አድማጭ በመጀመሪያው ስዊት ፕሪሉድ ቢጀምር ይመረጣል፤ ከሦስት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ የካዛልስን አሮጌ ቅጂና የዮ-ዮ ማን ጎን ለጎን ያዳምጥ።