ሐኪሙ ስለ ሞት ሲጠይቅ ምን እንመልስ?

የተከበራችሁ አንባብያን፣ በተለይም በቅርቡ ወደ ክፋር ዮናና ወደ አካባቢዋ የገባችሁ ቤተሰቦች፤ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ቡና ተፈልቶ የሚጫወቱት ወሬ አይደለም። ቢሆንም ዝም ብንለው ሰው የሚጎዳ ስለሆነ ልንጽፈው ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕብራይስጥ «ሳርታን» በሚባለው በነቀርሳ በሽታ የሚታከም ሰው፣ በሆስፒታል ወይም በቁፓት ሆሊም «መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል? ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ እንደነግጣለን። አንዱ «ሟርት ነው» ይላል፤ ሌላው «አብዷል ብለው ሊዘጉብኝ ነው» ብሎ ይፈራል። ስለዚህም «የለም፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ጥያቄው ግን ሟርት አይደለም። ነርሷ ትኩሳትና የደም ግፊት እንደምትለካ ሁሉ፣ ይህም የልብን ሕመም የሚለኩበት መንገድ ነው።

ይህ ጥያቄ ለነቀርሳ በሽተኛ የሚቀርበው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በስዊድን አገር ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ መርምሮ ነበር። ነቀርሳ እንዳለባቸው በታወቀ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ራሳቸውን የማጥፋታቸው አደጋ በሽታው ከሌለባቸው ሰዎች ይልቅ ከ12 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ከ3 እጥፍ በላይ ነበር። ይህ ማለት ግን በሽተኛው ሁሉ ወደዚያ ያመራል ማለት አይደለም። ራሳቸውን የሚያጠፉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ቁጥሩ የሚያስተምረን ጊዜውን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ወሬው በተሰማ ሰሞን ነው። ቤተሰብ ደግሞ በዚያው ሰሞን በቀጠሮና በወረቀት ተዋክቦ የበሽተኛውን ፊት ለማየት ጊዜ ያጣል።

አደጋውን የሚያብሱ ነገሮችም አሉ። እነርሱም ያልታገሠ ሥቃይ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብቸኝነት፣ የቆየ የመንፈስ ጭንቀት፣ ከዚህ በፊት የተደረገ ሙከራና «ለቤተሰቤ ሸክም ሆንሁ» የሚል ሐሳብ ናቸው። አዲስ ለመጣ ሰው በዚህ ላይ የቋንቋ ችግርና በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ የቀረ ዘመድ ናፍቆት ይጨመርበታል።

ሐኪሙ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ የሚጠይቁት ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ሞትን ተመኝተው እንደሆነ፤ ቀጥሎ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ፤ ከዚያም በምን መንገድና መቼ ብለው አስበው እንደሆነ፤ ቀድሞ ሞክረው እንደሆነ፤ በመጨረሻም በሕይወት የሚያቆምዎ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንዳንድ ጊዜ 9 ጥያቄዎች ያሉት ወረቀት ይሰጣል፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ስለዚሁ ነው። ይህ ወረቀት በአማርኛም አለ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ነገር አለ። በእኛ ዘንድ «ምነው በሞትሁ» እና «ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ» ማለት የተለመደ ነው፤ ሰው ሲናደድም፣ ሲያፍርም ይለዋል። ይህ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ሲዞር ሐኪሙን ያለ ምክንያት ሊያስደነግጠው ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ሆደ ሰፊ የሆነ ሽማግሌ ክፉ ሐሳብ ይዞት ሳለ «ደክሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ከቃሉ ይልቅ ለውጡን ተመልከቱ። በሽተኛው ዕቃውን ማከፋፈል፣ የስንብት ዓይነት ንግግር ማብዛት፣ ከሰው መሸሽ፣ መድኃኒቱን ሳይወስድ ማጠራቀም፣ ወይም ከብዙ ጭንቀት በኋላ ያለ ምክንያት በድንገት መረጋጋት ከጀመረ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጠይቁት።

«ብንጠይቀው ያላሰበውን እናስታውሰው ይሆናል» የሚል ፍርሃት አለ። ጥናቶች ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር አሳይተዋል፤ ብዙውን ጊዜ የተጠየቀው ሰው ይቀለዋል። «አባቴ፣ ሕመሙ ሲጠናብዎ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ይቻላል። አዎ ካለ፣ «ኃጢአት ነው፣ እንዲህ አይባልም» ብላችሁ አፉን አትዝጉት። አዳምጡት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡ።

ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እናሳስባለን። አንደኛው አስተርጓሚን የሚመለከት ነው። አባት እንዲህ ያለውን ነገር በ12 ዓመት ልጁ አፍ ሊናገር አይችልም፤ ልጁም ሊሸከመው አይገባም። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋሞች አገልግሎታቸውን በሽተኛው በሚገባው ቋንቋና ባህል እንዲያቀርቡ አዟል። ስለዚህ በአካል ወይም በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብት ነው።

ሁለተኛው በሽታውን ከበሽተኛው መደበቅ ነው። መርዶ በዘዴ እንጂ በድንገት እንደማይነገር አባቶቻችን አስተምረውናል። ነገር ግን በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የበሽተኞች መብት ሕግ፣ በሽተኛው ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው እንዲነገረው ያዛል። በኮሪደር ብቻውን ሆኖ በግማሽ ዕብራይስጥ ከሚሰማ፣ ዘመድ አጠገቡ ተቀምጦ በአማርኛ ቢሰማ ይሻላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህ ለልብ ሕመምም ይሠራል።

እውነቱን የተናገረ ሰው ምን ይደረጋል? ከክፋር ዮና ብዙ በማይርቀው በሌቭ ሐሻሮን የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ይዘጋበታል ብላችሁ አትፍሩ፤ ክፉ ሐሳብ ያለው ሁሉ አይተኛም። ብዙውን ጊዜ የሥቃይ ማስታገሻው ይስተካከላል፣ የእንቅልፍና የጭንቀት ሕክምና ይጀመራል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ትከታተለዋለች። የአእምሮ ሕክምናም ከሐምሌ (ዩሊ) 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቁፓት ሆሊም በኩል የሚሰጥ አገልግሎት ሆኗል፤ መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

አደጋው የቀረበ ከመሰላችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። በሽተኛውን ለብቻው አትተዉት፤ በቤት ያለውን መድኃኒት አንድ ሰው ይያዘውና በየሰዓቱ የሚገባውን ብቻ ይስጥ። ወደ 101 (ማጌን ዳቪድ አዶም) ደውሉ፤ ወይም በናታኒያ እንደ ላኒያዶ ባለ ሆስፒታል ወደሚገኘው የድንገተኛ ክፍል (ሚዩን) ውሰዱት። ሰንበት ቢሆንም አትዘግዩ፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል። የልብ ጭንቀትን የሚያዳምጠው የኤራን ስልክ ቁጥር 1201 ሲሆን ቀንና ሌሊት ይሠራል። በሽተኛውን የሚያስታምም ዘመድም ሲከብደው ሊደውልበት ይችላል።

ውድ አንባብያን፤ ከእናንተ የምንጠብቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ያንን ከባድ ጥያቄ ሲያቀርብ በሽተኛችሁ ሳይፈራ እውነቱን ይመልስ። ሐኪሙ ረስቶት ካለፈ ደግሞ እናንተው አንሡት። ለታመሙት ሁሉ ምሕረቱን ይላክልን።