ለሞዴል ጀልባ የሚሆን የሊትየም ባትሪና የነጋዴው ጥንቃቄ

ሞዴል ጀልባ የሚባለው በትልቁ መርከብ አምሳል ተሠርቶ በኩሬና በሐይቅ ላይ በራዲዮ እየተመራ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ ነው። ሞተሩ ብዙ ዘመን ኃይል ሲያገኝ የኖረው ከእርሳስና ከአሲድ ከሚሠራው ባትሪ ነበር። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991 በአውሮፓ አቆጣጠር የሊትየም አዮን ባትሪን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን ይኸው አዲስ ዓይነት ባትሪ ቀስ በቀስ በጀልባዎቹም ውስጥ ገብቷል።

የተመረጠበትም ምክንያት ክብደቱ ቀላል በመሆኑ ነው። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ያለው የእርሳስ ባትሪ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 3 ሴሎች ተቀጣጥለው ያንኑ ያህል ኃይል የሚይዙበት የሊትየም ባትሪ ግን 1 ኪሎ አይሞላም። ይህም ለፈጣን ጀልባ ትልቅ ጥቅም ነው። የጐታች መርከብ አምሳል ለሆነውና ዝግ ብሎ ለሚሄደው ጀልባ ግን፤ ከልኩ በላይ ከውሃው ከፍ ብሎ እንዳይዋልል በሆዱ ውስጥ ማመዛዘኛ ክብደት መጨመር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ባለሱቁ የገዥውን የጀልባ ዓይነት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው የባትሪው መሙያ ነው። አንዱ የሊትየም ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ፤ ሦስቱ በአንድነት 12.6 ቮልት ይሆናሉ። ለ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ የተሠራው መሙያ ግን እስከ 14 ቮልትና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ገዥው ሁለቱን አንድ መስለውት በቤቱ ያለውን አሮጌ መሙያ ቢሰካ፤ መከላከያ የሌላቸው ሴሎች ከልክ በላይ ተሞልተው ያብጣሉ፤ ይግላሉ፤ እሳትም ሊያስነሡ ይችላሉ። እንዲሁም እያንዳንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች እስኪወርድ ድረስ ቢሠራበት ይበላሻል። ስለዚህ ባትሪውን መሸጥ የሚገባው ለሊትየም ከተሠራና የሴሎቹን ልክ እኩል ከሚያደርግ መሙያ ጋር ነው።

አስመጪውም ሊያውቀው የሚገባ ደንብ አለ። ለብቻው የታሸገ የሊትየም አዮን ባትሪ በ9ኛው የአደገኛ ዕቃ ክፍል ይመደባል። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እንደ ጭነት በመንገደኞች አውሮፕላን እንዳይጫን ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላንም ቢሆን ሙላቱ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከጀልባው ጋር የታሸገው ባትሪ ግን የራሱ መለያ ቁጥርና ደንብ አለው። ስለሆነም ነጋዴው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የባትሪውን የፍተሻ ሰነድ ከፋብሪካው ቢጠይቅ፤ ዕቃው በመንገድ ከመያዝ ይድናል።

በመደብር ውስጥም ባትሪው በግማሽ ሙላት፤ ፀሐይ በማይደርስበትና እርጥበት በሌለው ስፍራ ይቀመጥ። ያበጠ ባትሪ ከተገኘ በርካሽም ቢሆን ለማንም አይሸጥ። ከእንዲህ ያለው ሽያጭ የሚገኘው ጥቂት ትርፍ፤ በገዥው ቤት ሊነሣ ከሚችለው ቃጠሎና ከባለሱቁ ስም መጥፋት ጋር ከቶ አይመዛዘንም።