በድርቅ የተጎዳ ሕፃን የመንፈስ ጽናት

በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር እስከ እብናትና ጋይንት ባለው አገር፣ ዝናም በቀረ ጊዜ እርዳታ ሰጪው አስቀድሞ የሚመለከተው የእህሉን ኩንታልና የሕፃኑን ክብደት ነው። ሆኖም ሕፃኑ የሚያጣው እህል ብቻ አይደለም፤ ቀዬውን፣ ጥጃውን፣ አንዳንዴም እናቱን ያጣል።

በጽኑ የተራበ ሕፃን አይጫወትም፤ ሲጠሩትም ዞር አይልም። ይህን ዝምታ እንደ ጨዋነት መቁጠር ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከአሥሩ የሕክምና እርምጃዎች ዘጠነኛው ፍቅርና ጨዋታ ሲሆን፣ በየቀኑ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የተዘጋጀ ጨዋታ እንዲኖር ያዛል። ለዚህም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያሻም። የጨርቅ ኳስ፣ በጭቃ የተሠራ በሬ፣ እንቆቅልሽ የምትጠይቅ አያት ይበቃሉ።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ሕዝብ ከቦታ ወደ ቦታ በሚዛወርበት ጊዜ ነው። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. በእብናት መጠለያ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች በድንገት እንዲወጡ ተደርጎ ጎጆአቸው ተቃጥሏል። ሕፃን ከእንዲህ ያለው ድንገተኛ ነገር የሚማረው ትልቅ ሰው እንኳ ሊጠብቀው እንደማይችል ነው። ስለሆነም የጉዞው ቀንና የሚደረስበት ስፍራ ለወላጆች ብቻ ሳይሆን ለልጁም አስቀድሞ ሊነገረው፣ ከወንድምና ከእኅቱም ሳይለይ ሊጓዝ ይገባል።

በአዲሱ ሠፈር በራሱ መተማመን የሚጀምረው አንድ ነገር በአደራ ሲሰጠው ነው፤ ጫጩት መጠበቅም ቢሆን። የሠራውን የሚያይለት ሰው ግን ያስፈልገዋል፤ ይህ ሰው በተቻለ መጠን የሚያውቀው ዘመድ ይሁን። ብቻውን የተገኘ ሕፃን ከሆነም የአባቱ ስም፣ ደብሩና ጎጡ በዕለቱ ይመዝገብ፤ ትንሽ ልጅ ጎጡን ፈጥኖ ይረሳልና።