ልጆቻችንን የሌሎች አገሮችን በዓል ስለ ማስተማር

በዓል በደረሰ ጊዜ በቤት ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሕፃን ነው። አባት በግ ለመግዛት፣ እናት ጠላ ለመጥመቅና ቤት ለማሰናዳት ሲጣደፉ፣ ልጁ መካከል ገብቶ «ይህ ለምንድር ነው?» ይላል። ይህ ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም። ሊቀ ነቢያት ሙሴ የፋሲካውን በግ ሥርዓት በሠራ ጊዜ፣ ልጆች የሥርዓቱን ትርጓሜ እንደሚጠይቁ አመልክቶ አባቶች እንዲመልሱላቸው አዝዟል። ስለዚህ የልጅ ጥያቄ የበዓሉ አንድ ክፍል ነው እንጂ የበዓሉ መሰናክል አይደለም።

በዘመናችን ግን ጥያቄው በዝቷል። ልጆቻችን በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የውጭ አገር ሰዎችን ገና ያያሉ፤ በከተሞቻችንም ሱቆች በመብራት ያጌጠ ዛፍ ይቆማል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ደግሞ፣ ጓደኞቻቸው ሁሉ ስጦታ በሚቀበሉበት ቀን እነርሱ በጾመ ነቢያት ላይ ናቸው። ከምናስተምራቸው ሕፃናት አንዱ፣ «ለመሆኑ ጌታ ስንት ጊዜ ተወለደ?» ሲል ጠይቆናል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዞ መልስ ያጣ ልጅ ከሁለት ነገር በአንዱ ይወድቃል፤ ወይም የራሱን በዓል ከሰው ኋላ የቀረ አድርጎ ያፍርበታል፤ ወይም ሌላውን ሕዝብ እንደ ስሑት ቆጥሮ ይሳለቅበታል። ሁለቱም ለነፍሱ ጕዳት ናቸው። የሚድንበትም መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም የራሱን በዓል ጠንቅቆ አውቆ፣ የሌላውንም በዚያው መነጽር እንዲያይ ማድረግ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያው ከራስ ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ተረት በማስተማርም ይሠራል። ጾሙ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ለምን እንደሚጾም፣ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ለምን እንደሚበላ፣ በከተራ ታቦቱ ወደ ውሃ ለምን እንደሚወርድ ያልሰማ ልጅ፣ የግሪኩንና የመስኮቡን ቢሰማ እንደ ተረት ይሰማዋል እንጂ አይጠቅመውም። የገና ጨዋታ ሲጫወትም፣ እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ በትራቸውን ይዘው ተጫወቱ የሚለውን ያባቶች ትውፊት አብሮ ቢሰማ፣ ዱላውና እሩሩ ራሳቸው መምህር ይሆኑታል።

ከዚህ በኋላ ወደዚያ ሕፃን ጥያቄ እንመለስ። ጌታ የተወለደባት ቤተ ልሔም በዓመት ሦስት ጊዜ ልደትን ታከብራለች። የሮማ ካቶሊኮች በዲሴምበር 25፣ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ያከብራሉ። ግሪኮች፣ ግብጻውያን፣ ሶርያውያንና የእኛ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ምእመናን በታኅሣሥ 29 ያከብራሉ። በቅድስት አገር ያሉት አርመናውያን ደግሞ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት በጥር 11 ቀን ያከብራሉ። በዘመነ ዮሐንስ፣ ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት፣ የእኛ ልደት ታኅሣሥ 28 ይሆናል፤ የሌሎቹም ቀን በእኛ አቈጣጠር በአንድ ቀን ይቀድማል።

የመጀመሪያው ልዩነት የመስፈሪያ ልዩነት ነው። ጥንት በሮማው ቄሣር በዩልዮስ የተደነገገው አቈጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከ6 ሰዓት ያደርገዋል። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። ይህ ትርፍ እየተጠራቀመ ሄዶ፣ በ1582 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ 10 ቀን ከቍጥሩ እንዲወጣ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ አድጎ ዛሬ 13 ቀን ሆኗል፤ ከ2100 በኋላም 14 ቀን ይሆናል። የእኛ ባሕረ ሐሳብ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜንን ሳያቋርጥ 6 ስለሚያደርግ ከቀድሞው አቈጣጠር ጋር ይሄዳል። ለሕፃን ይህን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ አንድ ክምር እህል በሁለት ዓይነት ቁና ሰፍሮ ማሳየት ይበቃል። የቁናው ቍጥር ይለያያል፤ እህሉ ግን አንድ ነው።

የአርመኖች ምክንያት ግን ሌላ ነው። በጥንት ዘመን በምሥራቅ ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን ያከብሩ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት የልደት በዓል ለብቻው እየተለየ ሲሄድ፣ አርመኖች የቀደመውን ልማድ ይዘው ቀሩ፤ እስከ ዛሬም ሁለቱን በአንድነት ያከብራሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ፣ ከእኛ የተለየ ሁሉ ስሕተት እንዳልሆነ ይማራል። ደግሞም አርመኖች እንደ ግብጻውያን፣ እንደ ሶርያውያን፣ እንደ ህንዶችና እንደ ኤርትራውያን በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ የሆኑ እኅት ቤተ ክርስቲያን መሆናቸውን መንገር ይገባል። የአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በጥር ወር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰብስበው መምከራቸው ይታወሳል። ግሪኮችና ሩስያውያን ግን ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ ከ451፣ ወዲህ በትምህርት የተለዩን ናቸው። ይህም ሳይሸሸግ፣ ያለ ጥላቻ ይነገር።

የቀኑ ነገር ከታወቀ በኋላ ልጁን ደስ የሚያሰኘው ማዕዱ ነው። በሩስያ በልደት ዋዜማ የመጀመሪያው ኮከብ እስኪታይ ድረስ የሚጾሙ አሉ፤ ከዚያም ስንዴ ቀቅለው በማር ለውሰው ይበላሉ፤ ስሙን ኩትያ ይሉታል። ይህ ከእኛ ንፍሮ ጋር ምን ያህል ይቀራረባል! ሰርቦች በዚያው ዋዜማ የዋርካ ያህል የሚያከብሩትን የባሉጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ቤት አምጥተው ያነዳሉ፤ የጌታን ግርግም ለማሰብም በወለሉ ላይ ጭድ ይጐዘጕዛሉ። በእኛ ቤት ቄጤማ እንደሚጐዘጐዝ የሚያውቅ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ አይደክምም። በደቡብ ህንድ በኬረላ ያሉ የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች በጸሎተ ሐሙስ ማታ ከሩዝ ዱቄት ያለ እርሾ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ፔሳሃ አፓም ይባላል፤ የፋሲካ እንጀራ ማለት ነው። የቤቱ አባት ጸሎት አድርጎ ይቈርሰውና ለቤተ ሰቡ ያድላል። የግብጽ ክርስቲያኖች በሆሣዕና የዘንባባ ቅጠል እየጐነጐኑ መስቀልና ሌላም ጌጥ ይሠራሉ፤ የእኛም ልጆች በዚያ ቀን በግንባራቸውና በጣታቸው የሚያስሩት ዘንባባ ወንድሙ ነው።

ከማዕዱ ቀጥሎ ውሃው ነው። ግሪኮች በጥምቀት ቀን ካህኑ መስቀሉን ወደ ባሕር ይጥለዋል፤ ጐበዞችም ዋኝተው ለማውጣት ይሽቀዳደማሉ። በሩስያ ወንዙ በዚያ ወራት በረዶ ስለሚሆን፣ በረዶውን በመስቀል ቅርጽ ፈልፍለው ውሃውን ይባርኩታል፤ ቀዳዳውንም በዮርዳኖስ ስም ይጠሩታል። ምእመናንም ከዚያ ብርድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይነከራሉ። ከአራቱ ዓመት በሦስቱ ይህ የሚሆነው እኛ በጃን ሜዳና በጎንደር ጠበል በምንረጭበት በዚያው በጥር 11 ቀን ነው። የእኛ የጥምቀት አከባበር በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡንም ልጁ ይስማ፤ እርሱ የሌላውን ለማየት እንደሚጓጓ፣ ሌላውም የእርሱን ለማየት እንደሚጓጓ ያውቅ ዘንድ።

አሁን ብዙ ወላጆችን ወደሚያስጨንቀው፣ ቀይ ልብስ ወደ ለበሰው የገና አባት እንምጣ። ልጁን «ይህ የእኛ አይደለም፤ ተወው» ብሎ መገሠጽ ብቻ አያጠግበውም። ከዚህ ይልቅ ሥሩን እንንገረው። ይህ ሽማግሌ የተቀዳው የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ የእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ቀን ያስበዋል። እንደ ገድሉ፣ ሦስት ሴቶች ልጆቹን መዳር አቅቶት ወደ ክፉ ምክር ያዘነበለ አንድ ድኻ ነበር። ቅዱሱም በሌሊት ወርቅ በስውር ወደ ቤቱ እየጣለ ልጆቹን ከውርደት አዳናቸው፤ ማንነቱ እንዲታወቅበትም አልወደደም። ገበያው ይህን ሰጪ ወስዶ ዕቃ ሻጭ አድርጎታል። ልጁ እውነተኛውን ታሪክ ሲሰማ «ምን አመጣልኝ?» ማለቱን ትቶ «ለማን ልስጥ?» ማለት ይጀምራል። በታኅሣሥ 10 ማታ ልጁ ከራሱ ልብስ ወይም ከመጫወቻው አንዱን መርጦ፣ ስሙ ሳይነገር ለችግረኛ ጎረቤት እንዲደርስ ቢደረግ፣ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

በዚህ ሁሉ አንድ ወሰን መጠበቅ አለበት፤ ማወቅ ሌላ ነው፣ መያዝ ሌላ ነው። የሌላውን ሥርዓት እናጠናለን፤ ጾማችንን ግን ስለ እርሱ አንሽርም፤ በዓላችንንም ወደ ሰው ቀን አናዛውርም። በውጭ አገር ያሉ ወላጆችም ልጃቸው በትምህርት ቤት ለጓደኞቹ «እንኳን አደረሳችሁ» እንዲል ያስተምሩት፤ በልደት ዕለትም ነጭ ልብሱን አልብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውሰዱት። በሰው ደስታ ደስ ብሎት የራሱን ቀን በትዕግሥት የሚጠብቅ ልጅ፣ ከሁለቱም ወገን ሳይጐድልበት ያድጋል።

አደራረጉም አስቸጋሪ አይደለም። በአንድ በዓል ስለ አንድ አገር ብቻ ይነገር፤ ካርታ ተዘርግቶ ልጁ አገሩን በጣቱ ያሳይ። የውጩ ልማድ በራሳችን ልማድ ላይ ይንጠልጠል፤ ማለት ስለ ኩትያ የሚነገረው በጾሙ ማታ ንፍሮ ሲቀርብ፣ ስለ ህንዶች እንጀራ የሚነገረው ጉልባን ሲበላ፣ ስለ በረዶው ዮርዳኖስ የሚነገረው ከጥምቀት ሲመለሱ ነው። ለዚህ መጽሐፍ መግዣ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከማዕድ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ስልኩን አስቀምጦ የሚቀመጥ አባት ወይም እናት ነው።

ያ ሕፃን ለጠየቀን ጥያቄም መልሳችን ይህ ነው፤ ጌታ በሥጋ የተወለደው አንድ ጊዜ ነው፤ አሕዛብ ግን እያንዳንዳቸው በቋንቋቸው፣ በአቈጣጠራቸውና ምድራቸው በሰጠቻቸው ፍሬ ያመሰግኑታል። ልጆቻችን የራሳቸውን ምስጋና ሳይረሱ የሌላውን እንዲሰሙ አምላከ አበው ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።