በገጹ ላይ የሚታየው ዋጋ የየትኛው ቀን ነው?

ነጋዴ ዋጋ የሚጠይቅበት መንገድ ከዘመን ወደ ዘመን ተለውጧል። ቀድሞ በደብዳቤና በቴሌግራም ይጠየቅ የነበረው፣ ዛሬ የኢንተርኔት ገጽ ተከፍቶ ይነበባል። ይሁን እንጂ ገጹ ዛሬ ተከፈተ ማለት ዋጋው የዛሬ ነው ማለት እንዳልሆነ ብዙዎቻችን አላስተዋልንም። እኔም ያስተዋልሁት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ የሕንፃ ዕቃ ከውጭ አገር ያስመጣሉ። አንድ ቀን ጧት ለደንበኛ ዋጋ እንዳዘጋጅ ባዘዙኝ ጊዜ፣ የላኪውን ድርጅት የዋጋ ዝርዝር ከገጹ ገልብጬ፣ ማጓጓዣውንና ቀረጡን ደምሬ አቀረብሁ። ደንበኛው ተስማምቶ ቀብድ ከከፈለ በኋላ ከላኪው የመጣው ፕሮፎርማ ግን ከገለበጥሁት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ የእኔ መስሎኝ ገጹን ደግሜ ብከፍተው ያው የቀድሞው ዋጋ ነው። ወዲያው በእጅ ስልኬ፣ ማለትም በሌላ መሥመር፣ ብመለከተው አዲሱ ዋጋ ታየ፤ ዝርዝሩ የተለወጠው ለካ ከሁለት ቀን በፊት ኖሯል። አሠሪዬ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ልዩነቱን ከኪሳቸው ከፈሉ። እኔን አልተቈጡኝም፤ ይህም ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ብዙ ሰው የሚፈልገውን ገጽ በየጊዜው ከባሕር ማዶ ማስመጣት ወጪ ስለሚያበዛበት፣ አንድ ጊዜ ያመጣውን ቅጅ በራሱ ዘንድ አኑሮ ለሚቀጥለው ጠያቂ ከዚያ ይሰጠዋል። ይህ የቅጅ መጋዘን በእንግሊዝኛ «ካሽ» ይባላል፤ አጠራሩ ከጥሬ ገንዘብ ስም ጋር አንድ በመሆኑ ነጋዴን ሊያሳስት ይችላል እንጂ የሚገናኙበት ነገር የለም። ለሥዕልና ለቆየ ጽሑፍ ይህ አሠራር መልካም ነው፤ ገጹ ቶሎ ይከፈታል፣ ወጪም ይቀንሳል። ለዋጋ ግን ከሱቅ ጓዳ እንደ ከረመ ዕቃ ነው።

ቅጅው ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? የገጹ ባለቤት የቆይታውን ልክ በሰኮንድ ወስኖ ከገጹ ጋር ሊልክ፣ ወይም ጨርሶ እንዳይቀመጥ ሊያዝ ይችላል። ምንም ሳይል ከቀረ ግን መጋዘኑ በግምት ይሠራል። ግምቱም ገጹ ሳይለወጥ ከቆየበት ጊዜ ጥቂት እጅ የሚወስድ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ስኩዊድ የተባለው የታወቀ ፕሮግራም፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ 20 በመቶ ይወስዳል፤ ከ3 ቀንም አያሳልፍም። ስለዚህ 10 ቀን ሳይለወጥ የቆየ ዝርዝር 2 ቀን፣ ከወር በላይ ያልተነካ ደግሞ 3 ቀን ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታደሰው የኢንተርኔት ደንብም እንዲህ ያለውን ግምት ይፈቅዳል። እንግዲህ መጋዘኑ አብዝቶ የሚያሳስተን፣ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ የኖረ ዋጋ በድንገት በተለወጠበት ዕለት ነው። የእኛም ዝርዝር ከወር በላይ ያልተነካ ነበር።

የአንድ ቀን መዘግየት ቀላል የሚመስለው ካለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ያስታውስ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በዚያ ዕለት አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ወደ 75 ብር ገደማ ደረሰ። የትናንቱን ገጽ ይዞ ዋጋ መቍረጥ ምን ያህል ሊያከስር እንደሚችል ከዚህ ይገመታል።

እርግጥ ነው፣ አድራሻው በ«ኤችቲቲፒኤስ» የሚጀምር ገጽ ተመስጥሮ ስለሚያልፍ አገልግሎት ሰጪው ከመንገድ ላይ ቅጅ ሊያስቀር አይችልም፤ ዛሬ አብዛኞቹ ገጾች እንዲህ ናቸው፤ የላኪያችን ግን አልነበረም። ይሁንና ቅጅ በራሳችን ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ወይም የገጹ ባለቤት ለማከፋፈል በቀጠረው ድርጅት ዘንድ ሊቀር ስለሚችል በምስጢሩ ብቻ መተማመን አይገባም። ቡና ላኪዎች የሚመለከቱት የኒውዮርክ ዋጋ በነጻ ገጾች ላይ 10 ወይም 15 ደቂቃ ዘግይቶ መውጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ የመረጃው ሽያጭ ውል ነው እንጂ የመጋዘን ሥራ አይደለም።

አገልግሎት ሰጪውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ ዝርዝሩን አውጥቶ የቆይታውን ልክ ያልወሰነው ባለቤቱ ነውና። የራሳችሁ ገጽ ያላችሁ ነጋድያን ባለሙያችሁን ጠርታችሁ፣ ሥዕሉ ይቀመጥ፣ ዋጋው ግን አይቀመጥ ብላችሁ እዘዙ፤ ከዋጋውም አጠገብ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። አንባቢም ኮንትሮልና ኤፍ5 የተባሉትን ቍልፎች አብሮ ቢጫን ገጹ በኮምፒዩተሩ የቀረውን ቅጅ ትቶ እንደ ገና ይጠየቃል፤ ከተጠራጠረ በሌላ መሥመር ያስተያይ።

በእኛ ጽሕፈት ቤት ከዚያ ወዲህ ከገጽ የተገለበጠ ዋጋ ለደንበኛ አይሰጥም። በመጀመሪያ ለላኪው ተጽፎ፣ ዋጋው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና የሚገልጽ መልስ ይጠበቃል።